የማራገቢያዋ ገመድ

ዳናዊት ግራ ቀኟን አየች። በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ወንበር የሚደረድሩት ልጆች ጀርባቸውን ሰጥተዋታል። እጇን ወደ ጠረጴዛው ሰደደችና የትንሿን ማራገቢያ ገመድ ነቀለች። ከሩቅ ለሚያይ የተሰካ እንዲመስል ጫፉን መልሳ አስደገፈችው።

«እስቲ አሁን እንዴት እንደምትሠራ ንገሪያቸው» አለች በሆዷ፣ መቅዲን እያሰበች።

ጠረጴዛው ላይ ያለችው መሣሪያ ከአውራ ጣት እምብዛም አትበልጥም። እንደ ፍላሽ ኮምፒውተር ላይ ትሰካለች፤ ሥራዋ ቢትኮይን የሚባለውን የኢንተርኔት ገንዘብ በስሌት ፈልጎ ማግኘት፣ «መቆፈር» ነው። ዓለም ላይ ያሉ ግዙፍ ማሽኖች የሚሽቀዳደሙበትን ከባድ ስሌት እሷም በአቅሟ ትሞክራለች። ሰው አታበለጽግም፤ መማሪያ ናት። የኮምፒውተር ክበቡ መምህርት ሚስ ኦኮሮ ለዳናዊትና ለጓደኛዋ ለመቅዲ የሰጠቻቸው «አብራችሁ ሴትአፕ አድርጉና ለወላጆች ቀን አቅርቡ» ብላ ነበር።

አብረው! ለንደን ቶተንሃም ባለው የእነ ዳናዊት አፓርታማ ውስጥ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንገቷን ደፍታ የሠራችው ዳናዊት ናት። መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ፕሮግራሙን «ቫይረስ ነው» ብሎ አጠፋባት። ቀጥሎ መሣሪያዋን ኃይል አነሳት፤ ግድግዳ ላይ የሚሰካ የኃይል ማከፋፈያ ፈልጋ አመጣች። ቆፋሪዎች ተባብረው የሚሠሩበት ድረ ገጽ ላይ ስትመዘገብ ደግሞ ከረጅሙ የዋሌት፣ ማለትም የዲጂታል ቦርሳዋ፣ አድራሻ አንዲት ፊደል ገድፋ ሁለት ቀን ፍዳዋን አየች። ፍጥነቷን ከፍ ስታደርግ መሣሪያዋ ጣት የምታቃጥል ሆነች፤ ልታቀዘቅዛት ማራገቢያዋ የመጣችው ያኔ ነው። መቅዲ አልጋ ላይ ተጋድማ ክሪስፕስ እየቆረጠመች የዳናዊትን እጆች ብቻ በስልኳ ትቀርጽ ነበር። መሣሪያዋ መሥራቷን የምታሳየው አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ስትጀምር ግን ከዳናዊት በላይ የጮኸችው እሷ ናት።

ባለፈው ሰኞ ሚስ ኦኮሮ ዳናዊትን ኮሪደር ላይ አስቆመቻት።

«መቅዲን ብቻዋን መተውሽ አሳዝኖኛል። ሁሉንም የሠራችው እሷ ናት፤ ቪዲዮውን አሳይታኛለች። ስለዚህ ብቻዋን ታቅርብ። ሐምሌ ላይ አንድ የቴክኖሎጂ ድርጅት ጋ ለሥራ ልምምድ የምትሄደውም እሷ ናት» አለችና መልስ ሳትጠብቅ መንገዷን ቀጠለች።

ዳናዊት መቅዲን በር ላይ ጠብቃ ያዘቻት። «ለምን ዋሸሽ?»

«ኧረ ቺል በይ! አንቺ እኮ ሰው ፊት መናገር ትጠያለሽ። ላይክ… ፌቨር ነው ያደረግኩልሽ፣ ውለታ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳናዊት ቂሟን እያመነዠከች ሰነበተች። መሣሪያዋ ሰው ሁሉ ፊት ስትቃጠል፣ መቅዲ አፏን ከፍታ ስትቀር ይታያት ነበር።

አዳራሹ ሞላ። ዳናዊት ደህና አድርጋ ለማየት ፊት ወንበር ያዘች። አጠገቧ መጥተው የተቀመጡት ግን የመቅዲ እናት ወይዘሮ እታለማሁ ነበሩ፤ ዌምብሊ ከሚያጸዱት ሆቴል በቀጥታ፣ የሥራ ልብሳቸው ላይ ካፖርት ደርበው።

«ዳኑዬ፣ እንኳን አገኘሁሽ! ፈረቃ ለውጬ ነው የመጣሁት። እንግሊዝኛቸው ይፈጥንብኛል፤ ልጄ የምትለውን እየተረጎምሽ ንገሪኝ።»

«እሺ፣ እትዬ።»

መቅዲ በልበ ሙሉነት ጀመረች። ዳናዊት በሹክሹክታ ትተረጉማለች። «ኮምፒውተሩ ቫይረስ ነው ብሎ አስቸገረኝ አለች… አንዲት ፊደል ገድፌ ሁለት ቀን ለፋሁ አለች…» የገዛ ድካሟን በገዛ አፏ ለሌላ እያስረከበች! እናትየው በየመሀሉ «እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!» ይላሉ። ትቃጠል፣ ቶሎ ትቃጠል፣ አለች ዳናዊት በልቧ።

አረንጓዴዋ መብራት ጠፋች። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ።

«ምን ሆነ?» አለች ሚስ ኦኮሮ።

መቅዲ ስክሪኑን አየች። የማራገቢያዋ መቆም አልታያትም። «እ… ኢንተርኔቱ ይመስለኛል» አለችና መሣሪያዋን ለመንቀል እጇን ዘረጋች።

«ምን አለች?» ወይዘሮ እታለማሁ የዳናዊትን ክንድ ያዙ። መዳፋቸው በጽዳት ኬሚካል ሻክሯል።

ስትጠብቀው የሰነበተችው ሰዓት ይኸው። ዝም ብላ መቀመጥ ብቻ ነው የሚጠበቅባት። የመቅዲ ጣቶች ግን ወደ ጋለው ብረት እየተጠጉ ነው፤ ያ ብረት እንዴት እንደሚፋጅ ከዳናዊት በቀር የሚያውቅ የለም።

«አትንኪው!»

ዘላ ተነሳችና ማከፋፈያውን ከግድግዳው ነቀለች።

«የማራገቢያዋን ገመድ የነቀልኩት እኔ ነኝ» አለች በእንግሊዝኛ። ከዚያ ወደ ወይዘሮ እታለማሁ ዞራ በአማርኛ ደገመችው።

የሚስ ኦኮሮ ፊት ተለዋወጠ። «ለምን?»

መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ ሳምንት ሙሉ ተለማምዳዋለች። መቅዲን አየቻት። መቅዲ እናቷን ታያለች።

«ለምን እንደሆነ መቅዲ ታውቃለች» አለች ዳናዊት። «እሷ ትንገራችሁ። በሁለቱም ቋንቋ።»

ወደ ወንበሯ አልተመለሰችም። እጆቿን አጣምራ እዚያው፣ መቅዲ ጎን፣ ቆማ ጠበቀች።