ሁለት ጣት ከፍታ

አንዷለም ሃይለ ሚካኤል የሞተው ማክሰኞ ጠዋት፣ ከቡሬ ወደ ዓባይ በሚወርደው መንገድ ሦስተኛው ኩርባ ላይ ነው። መጀመሪያ ያዩት ከማሳቸው እየተመለሱ የነበሩ ወይዘሮ ሀብትነሽ የሚባሉ የአካባቢው ገበሬ ናቸው። ልጁ ራሱን የቦዩ ድንጋይ መትቶት፣ አንድ እጁ ከሥሩ ታጥፎ ተኝቷል። አራት ብርቱካናማ ጎማ ያላት ረጅም ሳንቃው፣ ወጣቶቹ ሎንግቦርድ የሚሏት፣ ከመንገዱ ማዶ ተገልብጣ ነበር።

የፖሊስ መዝገቡ ላይ «በራሱ ጥፋት የደረሰ አደጋ» ተብሎ ተጻፈ።

በተቀበረ ማግስት አባቱ መሪጌታ ሃይለ ሚካኤል ፍኖተ ሰላም፣ ኢንስፔክተር ሥርጉት ቢሮ ገቡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ወንበር ቢሰጣቸውም አልተቀመጡም።

«ልጄ ያን መንገድ ስንት ጊዜ ወርዶታል» አሉ። «ያን ዕለት አብሮት በሳንቃ ይወርድ የነበረው ጓደኛው፣ ክንዱ የሚባለው፣ ቡሬ ታይቷል። ከልጄ ጋር ከተኳረፉ ሁለት ወር አልፏቸዋል። ሌላ ምን ልበልሽ?»

«የተኳረፉት በምንድን ነው፣ መሪጌታ?»

«አዲስ አበባ ውድድር አለ አሉ። የሄደውም እዚያው አሠልጣኝ ሆኖ ይቀራል። የተፈለገ አንድ ሰው ነው፤ ክንዱን ትተው የእኔን ልጅ መረጡት። ቅዳሜ ሊሄድ ነበር።»

ሥርጉት አርባ አምስት ዓመቷ ነው። ወደ ወንጀል ምርመራ ከመዛወሯ በፊት ዐሥራ ሦስት ዓመት በትራፊክ ፖሊስነት ሠርታለች። የሾፌር ቃል ከመቀበሏ በፊት አስፋልቱን ጎንበስ ብላ ማየት ከዚያ የያዘችው ልማድ ነው።

«ተስፋ አልሰጥዎትም» አለቻቸው። «ግን አየዋለሁ።»

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከወይዘሮ ሀብትነሽ ጋር ኩርባው ላይ ቆመች። ዘይት የለም፤ ጠጠርም የለም። ያምላክ ያለህ የሚያሰኝ ጉድጓድም አላየችም።

«መኪና አልፎ ነበር፣ እትዬ?»

«ኧረ ምንም! መንገዱ ጭር ያለ ነበር። ልጁ ሲወርድ ሁልጊዜ ከማሳዬ ሆኜ እሰማዋለሁ። እዚህ ኩርባ ላይ ሲደርስ ሽሽሽ የሚል ድምፅ አለው። ያን ዕለት ግን ግርርር፣ ግርር አለና ዝም።»

ሥርጉት ተንበረከከች። አስፋልቱ ላይ ሁለት ዓይነት ብርቱካናማ ዱካ አለ። የደበዘዘው የቆየ ነው፤ ረጅም፣ ለስላሳ፣ ኩርባውን ተከትሎ የሚታጠፍ መስመር ነው። አዲሱ ግን እንደ ስፌት የተቆራረጠ ነው፤ ሦስት እርምጃ ያህል ሄዶ በድንገት ይቆማል። ከዚያ በኋላ ያለው ድንጋዩ ብቻ ነው።

ሳንቃዋ ከተነሳችበት ጀምሮ በጆንያ ተጠቅልላ ቆይታለች። ከወይዘሮ ሀብትነሽና ከፖሊስ በቀር ያያት ሰው የለም። ሥርጉት ጣቢያ ተመልሳ ጠረጴዛ ላይ አገላበጠቻት። እግር የሚቆምበት ፊቷ ላይ ጥቁር የብርጭቆ ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀቱ በአቧራ ነጥቷል። ከፊትና ከኋላ ባሉት ሁለት ቀዳዳዎች ዙሪያ ግን አዲስ የሚመስል፣ አቧራ ያልነካው አራት ማዕዘን ቦታ አለ። ምን ማለት እንደሆነ አልገባትም።

በማግስቱ ክንዱን አስጠራችው። ቀጭን፣ ዓይኑን የማያሳርፍ ልጅ ነው።

«ማክሰኞ ቡሬ ምን ትሠራ ነበር?»

«ሰኞ ደወለልኝ። ‹ሳልሄድ እንታረቅ፣ ነገ ቡሬ ና፣ አብረን እንወርዳለን› አለኝ። ዘገየሁ። ስደርስ ፖሊስ እሱንም ሳንቃውንም አንስቷል፤ ሰው ተሰብስቦ ያለቅሳል። ሸሸሁ። ሰው ምን እንደሚል ዐውቅ ነበራ።»

«የሱ ሳንቃ ምን ዓይነት ናት?»

«ዝቅ ያለች ናት፤ መሬት ልትልስ ትንሽ ነው የሚቀራት።»

ሥርጉት ብዕሯን አስቀመጠች። «ዝቅ ያለች ስትል?»

«አስተሳሰሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው፣ ጎማውን የያዘው ብረት ከሳንቃው ሥር ይታሰራል፤ ሰውየው ከፍ ብሎ ይቆማል። የኔ እንደዚያ ናት። በሌላው ግን ሳንቃው ይበሳና ብረቱ በቀዳዳው አልፎ ከላይ ይታሰራል። ሳንቃዋ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ትላለች። የሱ እንደዚያ ናት።»

«ሁለት ጣት ምን ለውጥ ያመጣል?»

«እኛ ፍሬን የለንም እኮ። የምንቆመው ሳንቃውን ወደ ጎን አዙረን፣ ጎማውን አስፋልት ላይ በማንሸራተት ነው። ዝቅ ያለችዋ ሲገፏት ቶሎ ትለቃለች፣ እኩል ትንሸራተታለች። ከፍ ያለችዋ ግን መሬቱን ትነክሳለች። ለማስለቀቅ ጉልበት ይፈልጋል፤ ከለቀቀችም በኋላ በድንገት መልሳ ትይዛለች። ያልለመደ ሰው ከሆነ ሳንቃው ይቆማል፣ እሱ ይሄዳል።»

«የሱን እንደ አንተው ከሥር ማሰር ይቻላል?»

«ይቻላል። አራት አራት ብሎን ፈቶ መገልበጥ ነው።» ክንዱ ቀና አለ። «ለምን ጠየቁኝ?»

«አንዷለም መንሸራተትን ከማን ተማረ?»

«ከሰብሊ። በስልኳ እያየች መጀመሪያ የቻለችው እሷ ናት። እጮኛውም ናት።»

የሳንቃዋ ብሎኖች በቁጥር ዐሥር ቁልፍ የሚፈቱ ነበሩና ሥርጉት ወደ ባምላኩ ሄደች። የብረት ብየዳ ቤት አለው፤ ያንዷለም አብሮ አደግ ነው። ቁልፎቹን ግድግዳ ላይ በተራ ሰቅሏቸዋል። አንድ ሚስማር ባዶውን ነው።

«ሳንቃ ላይ ትወጣለህ?»

«ኧረ እኔ! ሳየውም ያዞረኛል። አንዷለምም ስለሱ ነገር ካወራሁ ይስቅብኝ ነበር።»

«ቁጥር ዐሥር ቁልፍህ የት አለ?»

ባምላኩ ባዶውን ሚስማር አየ። ከዚያ መሬት መሬቱን አየ። «ጠፍቷል መሰለኝ» አለ።

ሰብሊ መድኃኒት ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ከል ለብሳ፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ ከመደርደሪያው ኋላ ቆማ ነበር።

«መቼ ነው መጨረሻ ያየሽው?»

«ሰኞ። ሻንጣውን እያዘጋጀ ነበር።»

«ሳንቃውን ነክተሽ ታውቂያለሽ?»

«ከፋሲካ ወዲህ አልነካሁም።»

«እንዴት የወደቀ ይመስልሻል? ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽና ነው።»

«ምን ዐውቃለሁ፣ ኢንስፔክተር... ሳንቃዋ ከፍ ብላ ስለምትቆም፣ ሲያዞራት ሚዛኑ ከድቶት ይሆናል።»

ሥርጉት አመስግናት ወጣች። መኪናዋ ውስጥ ገብታ ረጅም ጊዜ ሞተር ሳታስነሳ ተቀመጠች። ባይገባት ኖሮ ደስ ባላት።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ አንዷለም ሊሄድ በነበረበት ቀን፣ ሁሉንም መሪጌታ ግቢ ሰበሰበቻቸው። መሪጌታ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ክንዱ ከአጥሩ ሥር ቆመ፤ ማንም ሰላም አላለውም። ባምላኩና ሰብሊ ጎን ለጎን ናቸው። ሥርጉት ሳንቃዋን ከጆንያው አውጥታ መሬት ላይ አኖረቻት።

ክንዱ «ከፍ ብላለች!» ሲል ጮኸ።

«ልክ ነህ። ከዚህ ልጀምር» አለች ሥርጉት። «መንገዱ ላይ ምንም እንቅፋት አልነበረም። የድሮ ዱካው ለስላሳ ነው፤ የማክሰኞው ግን የተቆራረጠ። ጎማው ሊንሸራተት ሲገባው መሬቱን ነክሷል። ወይዘሮ ሀብትነሽም በጆሯቸው የሰሙት ይህንኑ ነው። እዚህ ቀዳዳ ዙሪያ ያለውን ንጹሕ ቦታ እዩ። ብረቱ ለዓመታት ከላይ ሸፍኖት የኖረ ነው። አሁን ብረቱ ከሥር ነው። ስለዚህ አንድ ሰው በቅርቡ ፈትቶ፣ አስተሳሰሩን ለውጧል።»

«ክንዱ ነዋ!» አሉ መሪጌታ።

«እኔም መጀመሪያ በስውር የተሠራ ተንኮል መስሎኝ ነበር፣ መሪጌታ። ግን አይሆንም። ልጅዎ በየቀኑ የሚቆምባት ሳንቃ ሁለት ጣት ከፍ ስትል እግሩ አይስተውም። ዐውቆ ነው የወጣባት። የለወጠለትን ሰው አምኖ ነው። ታዲያ ማንን ያምናል? ክንዱን እስከ ሰኞ ድረስ ሁለት ወር ሙሉ አላነጋገረውም፤ ሳንቃውን አይሰጠውም። የባምላኩን ምክር ሰምቶ ይስቅ ነበር። ባምላኩ፣ ቁልፉን ማን ወሰደው?»

ባምላኩ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ለብስክሌቴ ነው ብላ... እኔ ምን ዐወቅሁ።»

«ከማክሰኞ ጀምሮ ሳንቃዋ የፖሊስ ጆንያ ውስጥ ነበረች። ክንዱ ስለሷ ስጠይቀው ዝቅ ያለች ናት አለኝ፤ እሱ የሚያውቃት እንደዚያ ነውና። ከፍ ብላ ትቆማለች ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። ከፋሲካ ወዲህ አልነካኋትም ያለኝም ያው ሰው ነው።»

ሰብሊ አላለቀሰችም። ነጠላዋን ከራሷ አወረደችና መሪጌታ ፊት መሬት ላይ ተቀመጠች።

«የኩርባ አያያዟ ይሻላል፣ ለውድድሩ ይጠቅምሃል አልኩት» አለች። «እዚሁ ከሆስፒታሉ በታች ባለችው ትንሽ ቁልቁለት ላይ ይሞክራታል ብዬ ነበር። እዚያ ቢወድቅ ቁርጭምጭሚቱ ይወለም ነበር፤ ቅዳሜም ያልፍ ነበር። ሌላ አላሰብኩም። እሱ ግን ‹ሞክረሻታል ወይ?› አለኝ።»

«ምን አልሽው?» አለች ሥርጉት፣ ቀስ ብላ።

«ሞክሬያታለሁ አልኩት።»

ክንዱ ከአጥሩ ሥር ቁጢጥ ብሎ ራሱን በጉልበቶቹ መካከል ቀበረ።

«ቡሬ እንደሚሄድ አልነገረኝም» አለች ሰብሊ። «ብነግረው ኖሮ... ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ጊዜ ስልኩ ላይ ደወልኩ። እውነቱን ልነግረው ነበር። አያነሳም።»

መሪጌታ ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ሥርጉት እንዳይመቷት ፈርታ አንድ እርምጃ ቀረበች። ሽማግሌው ግን እጃቸውን አላነሱም።

«እንዳይሄድብሽ ነው?»

«አዎ፣ አባባ።»

«እኔም ገበዝ ማርያም ሄጄ ተስያለሁ» አሉ። «‹ልጄ እንዳይሄድብኝ፣ እግሩን እሰሪልኝ› ብዬ። ጥላ አገባለሁ ብዬ። ባለፈው እሑድ ነው።»

መሪጌታ ለመነሳት የአግዳሚውን ጠርዝ ያዙ። ባምላኩ ሊደግፋቸው ሲቀርብ በእጃቸው መለሱት። ይቅር ብዬሻለሁ አላሏትም፤ አልረገሟትምም።

ሥርጉት ሰብሊን ክንዷን ይዛ አነሳቻት። ሕጉ ይህን ምን ብሎ እንደሚጠራው፣ ስንት ዓመት እንደሚያስፈርድ በመንገድ ላይ ልትነግራት አሰበች። ልጅቱ ግን መኪናው ውስጥ ገብታ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ፊት ለፊት ብቻ ማየት ጀመረች።

በሩ ሲዘጋ መሪጌታ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጡ ነበሩ። ክንዱ ከአጥሩ ሥር ተነስቶ መጣና ከጎናቸው ተቀመጠ። ሂድ አላሉትም።