ሰባት ቁጥር ጓጉንቸር

ካልሲው ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ሦስት ሰከንድ አልፈጀም።

የከሰል ኃይል ማመንጫው ሠራተኞች ቱታ የሚታጠብበት ክፍል በእንፋሎት ታፍኗል። «ምስጥ» የቆሸሹ ልብሶቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈች። የተቆጣጣሪ መለያ ደረቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰውዬ ካልሲውን አንስቶ ኪሱ ከተተው። ውስጡ የዛሬው የኃይል ርክክብ መርሐ ግብር ፎቶግራፍ አለ።

የሰውዬው የምሥጢር ስም «ሸማኔ» ነው። የስለላ መሥሪያ ቤቱ በብየዳ ሠራተኛነት ሸሽጎ ስምንት ወር ሲያኖራት፣ ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች የምታውቀው እሱን ብቻ ነበር።

ተልዕኮዋ አንድ ነው፤ ከወንዙ ማዶ ያለውን አዲሱን የባትሪ ጣቢያ ሊያቃጥል ያሰበውን ሰው ማግኘት። ጣቢያው የፀሐይና የነፋስ ኃይል አጠራቅሞ ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ከተማውን ከከሰሉ ይረከባል። ውስጡ አርባ ሰው አለ።

«ተገኘ» አለ ሸማኔ ፊቱን ሳያዞር። «የቦይለሩ አለቃ ነው።»

«ጋሼ? በፍጹም!»

«ባትሪዎቹን የሚያቀዘቅዘው ፓምፕ ላይ ጓጉንቸሩ ተንጠልጥሏል። ሰባት ቁጥር።»

«ታዲያ ለምን አሁን አይያዙም?»

«ስድስት ሰዓት ላይ፣ እጅ ከፍንጅ። አንቺ ከዚህ እንዳትነቃነቂ።»

ወጣ።

ምስጥ እንፋሎቱ ውስጥ ቆማ ቀረች። ማዶ ያለው ጣቢያ የራሱ ፓምፕ ገና አልመጣለትም፤ ውሃ የሚያገኘው ከዚሁ ከአሮጌው ማመንጫ ነው። ፓምፑ ካልዞረ ባትሪዎቹ ጭነት በተቀበሉ በደቂቃዎች ውስጥ ይነድዳሉ።

እዚህ ቤት እያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ ጓጉንቸርና አንድ ቁልፍ አለው። ማሽን ውስጥ እጁን ከማስገባቱ በፊት ማብሪያውን በጓጉንቸሩ ይቆልፋል። ሥራ በሌለበት ጊዜ ጓጉንቸሩ ቁጥሩ ያለበት ማንጠልጠያ ላይ ተቆልፎ ይውላል። ተንጠልጥሎ ያየ ማንም አይጠይቅም፤ ባለቤቱ ሥራ ላይ ነው። የሌላ ሰው ጓጉንቸር መስበር ነውር ነው። ቁልፍ ማዋስ ደግሞ ነፍስ ማዋስ ነው።

ጋሼ ቁልፋቸውን የሰጡት በሕይወታቸው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር።

ለእሷ።

ከሦስት ወር በፊት ሳሉ ጠንቶባቸው ወደ ክሊኒክ ሲወሰዱ፣ «ልጄ፣ ይህን ያዢልኝ» ብለው መዳፏ ላይ አኖሩት። ይህንኑ ለሸማኔ ነገረችው። «ለምርመራ ያስፈልጋል» አላት። ቁልፉን ሳሙና ላይ ተጭና ቅርጹን ሰጠችው።

ያ ቅርጽ ያለው ሸማኔ እጅ ብቻ ነው።

አቃጣዩን ስታሳድድ የኖረችው ለራሱ ለአቃጣዩ ነበር።

ከብየዳ ክፍሏ መቁረጫ አንስታ ሮጠች። ለስድስት ሃያ ደቂቃ ይቀራል። የፓምፑ ዘበኛ መቁረጫ ይዛ ሲያያት መንገድ ዘጋባት። «የሰው ጓጉንቸር? አብደሻል እንዴ? የፓምፑ ጉድጓድ ውስጥ ሰው ቢኖርስ?»

ልክ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን እሷም ታስቆመው ነበር።

ደረጃውን ወደ ላይ። የቦይለሩ ፎቅ ላይ ጋሼ ደብተራቸውን እያገላበጡ ነው። በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው የባትሪ ትምህርት ተፈትነው አልፈዋል፤ በየምሳ ሰዓቱ ያስጠናቻቸው እሷ ነበረች። ጣቢያው ዛሬ ከተማውን ከተረከበ፣ እሳቸውና ሠላሳ ጓዶቻቸው ነገ ማዶ ሥራ ይጀምራሉ። ከተቃጠለ ሁሉም ከንቱ ነው።

«ጋሼ፣ ነገ ደግሞ የምሳ ዕቃና ቦርሳ እንገዛልዎታለን» እያለ ከሰል ጫኙ ይስቃል።

«ሳቅ አንተ። የዚህን ከሰል አቧራ አራግፌ ስሻገር የት እንደምትገባ አያለሁ!»

«ጋሼ» አለች እያለከለከች፣ «ጓጉንቸርዎ ፓምፑ ላይ ነው።»

«የኔ? እኔ አልሰቀልኩም። ቁልፌ ይኸው አንገቴ ላይ።»

«ሌላ ቁልፍ አለ።»

«ከየት መጥቶ?»

መዋሸት ትችል ነበር። መዋሸት ሥራዋ ነው።

«እኔ ነኝ የቁልፍዎን ቅርጽ አሳልፌ የሰጠሁት።»

ጋሼ አዩዋት። ደብተሩን አስቀምጠው ወረዱ።

ለስድስት ሰዓት ሰባት ደቂቃ ቀረ።

ሕጉ ሕግ ነውና መጀመሪያ ጉድጓዱ ውስጥ ሰው እንደሌለ ለማየት ገቡ። ሳላቸው ከታች ይሰማል። አምስት ደቂቃ። አራት። መሰላሉን እየተንጠላጠሉ ወጡ። ጓጉንቸሩን ከፈቱ።

ፓምፑ አጓራ።

ስድስት ሰዓት ሲሞላ የአዳራሹ መብራት አንዴ ጥቅስ ብሎ ቀጥ ብሎ በራ። ማዶ ተረክቧል።

በሩ ተበረገደ። ጠባቂዎች። ከፊት ሸማኔ።

«ያዙት! ሽማግሌውን!»

ዝም ብትል ሽፋኗ ይተርፋል። የመሥሪያ ቤቱ ትእዛዝም ይኸው ነበር፤ የመጣው ቢመጣ ዝም በይ።

«ምስጥ ነኝ» አለች ለጠባቂዎቹ አዛዥ፤ ለክፉ ቀን የተሰጣትን የይለፍ ቃልም ጨመረች። «የዚህን ሰውዬ ኪስ ፈትሹ።»

አዲስ የሚያብለጨልጭ ቁልፍ ወጣ። ጓጉንቸሩ ላይ ሞከሩት። ከፈተ።

«ጅል» አላት ሸማኔ እጁ ሲታሰር። «ከሰል ነጋዴዎቹ እኔን ለመግዛት ስንት ደከሙ፤ አንቺ ራስሽን በነጻ ሸጥሽ።»

ሠራተኞቹ ደረጃው ላይ ቆመው ሁሉንም ሰምተዋል። ከሰል ጫኙ ራሱን ነቀነቀ። «ስምንት ወር አብራን በላች። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ።»

ጋሼ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው እጃቸውን በጨርቅ ያብሳሉ። ጠጋ አለች።

«እናትሽስ?» አሉ።

«እ?»

«ታማለች ያልሽኝ።»

«እናት የለኝም፣ ጋሼ።»

ጨርቁን አጣጥፈው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«ማታ ማታ እጸልይላት ነበር እኮ።»

ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። ተነሥተው ከጓዶቻቸው ጋር ወደ ድልድዩ አመሩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ በሌላ ከተማ፣ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ቅጥር ቢሮ ውስጥ ጸጉሯን ያሳጠረች ሴት ቅጽ ትሞላለች። ጸሐፊዋ ወረቀቱን አይታ መለሰችላት።

«አደጋ ቢደርስብሽ የሚጠራ ሰው የሚለውን ዘለልሽው።»

«የለም።»

«ባዶ አይተውም፣ እህቴ። ጎረቤትም ቢሆን።»

ብዕሩን መልሳ አነሣች። ከዚያ በቀደም የተሰጣትን የራሷን አዲስ ስም ጻፈችበት።

ጸሐፊዋ ሳታነበው ማኅተም መታችበት።