መልስ ያልተጻፈላቸው አሥራ ዘጠኝ ጥሪዎች

አቶ ሙሉጌታ ፈረስ መጋላ ሰፈር ባለው የግል ክሊኒክ የሞቱት ዓርብ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ኦክስጅናቸው ተቋርጦ ነው። የኦክስጅኑን ማነስ በጩኸት የሚያሳውቀው ፕሮግራም ጸጥ ብሎ ነበር። የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ወንድወሰን ጥፋቱን ፕሮግራሙን በሠራችው በሙና ላይ ጣሉ። ሙናም የስድስት ወር ልጇን ለእናቷ ትታ ታሰረች።

ሰኞ ጠዋት ኢንስፔክተር ለተማርያም ሙናን፣ ዶክተሩን፣ ነርሱን ዘከሪያንና የሟቹን ሚስት ወይዘሮ ወለተሥላሴን ሟቹ በተኙበት ክፍል ሰበሰበቻቸው። የፕሮግራሙ መዝገብ የታተመበትን ወረቀት ዘረጋች። ፕሮግራሙ ከኮምፒውተሩ እምብርት፣ ከርነል ከሚሉት፣ አንድ ነገር በጠየቀ ቁጥር ጥሪዎቹን የሚመዘግብ መቅረጫ የሚሉት ሌላ ፕሮግራም ሁለት መስመር ይጽፋል፤ ጥሪው ሲገባ አንድ፣ መልሱ ሲመለስ አንድ። በዓርቡ መዝገብ ላይ ግን አሥራ ዘጠኝ ጥሪዎች መልስ የላቸውም።

«ፕሮግራሙ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ደርቆ ቆሟል ማለት ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ልናገር?» አሉ ዶክተሩ።

«የደረቀ ነገር ሌላ ጥሪ አያቀርብም ዶክተር» አለች ለተማርያም። « አሥራ ስምንቱን ይዩ፤ ከእያንዳንዳቸው በኋላ ፕሮግራሙ ሥራውን ቀጥሏል። መልሱን አግኝቷል፤ ያመለጠው መቅረጫውን ነው።»

ሙና ቀና አለች። መቅረጫው መልስ የሚጠብቁ ጥሪዎችን የሚይዝበት ቦታ ጠባብ እንደሆነ፣ ሲሞላም የመልሱን መስመር እንደሚዘል፣ ከታሰረች ጀምሮ ስትናገር የሰማት አልነበረም።

«የመጨረሻውስ?» አለ ዘከሪያ።

«እሱ ‹ልዝጋ› የሚል ጥሪ ነው» አለች ለተማርያም። « የተዘጋ ፕሮግራም መልስ ሊቀበል አይመለስም። ትናንት ደጋግሜ ሞክሬዋለሁ፤ እንዲህ የሚዘጋው እዚህ አልጋው ራስጌ ያለውን ቁልፍ ሰው ሲጫነው ብቻ ነው።»

ዘከሪያ ፕሮግራሙ በተዘጋበት ሰዓት ጁምዓ ሶላት ላይ ነበር፤ አጠገቡ የሰገዱት መስክረዋል። ሙና ልጇን ልታጠባ አቦከር ወዳለው ቤቷ ሄዳ ነበር፤ ጎረቤቶቿ አይተዋታል። ዓርብ ዓርብ ሠራተኞቹ ለሶላት ሲወጡ ክፍሉን የሚጠብቁት ዶክተሩ ራሳቸው ናቸው። ይህንንም በየሄዱበት ይኩራሩበት ነበር።

«እንግዶች ነበሩብኝ» አሉ ዶክተሩ ድምፃቸው ወርዶ። «ሽርክና ሊገቡ የመጡ። ጠዋትም በከንቱ ሲጮህ ነበር። ለአምስት ደቂቃ ልዝጋው ብዬ...»

ወይዘሮ ወለተሥላሴ ወደ ለተማርያም ዞሩ።

«ከመዘጋቱ በፊት ስንት ደቂቃ ጮኸ?»

«አራት።»

«አራት ደቂቃ ሙሉ» አሉ ዶክተሩን እያዩ። «ሰምተህ ነው የዘጋኸው።»

ለተማርያም ወረቀቱን አጠፈች።

«ሙና፣ ወደ ልጅሽ ሂጂ። እርስዎ ግን ይነሱ፣ ዶክተር።»