በቅርቡ ይጻፋል

የልጅ ልጄ ሾርባዋን እንደሞቀ የጨረሰችበትን ቀን አላስታውስም ነበር። ሳህኑን አቀርብላታለሁ፤ ሁለት ማንኪያ ትቀምሳለች፤ ስልኳ ይንጫጫል፤ ማንኪያውን ወርውራ ወደ ኮምፒውተሯ ትሄዳለች። ስትመለስ ሾርባው ላይ ቆዳ ሠርቷል። አሙቄ አመጣለሁ፤ ስልኩ እንደገና ይንጫጫል። እንዲህ እያልን ሦስት ዓመት ኖርን። እኔ ለሕዝብ የምጽፍ ሴት አይደለሁም፤ ትምህርቴም ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። ነገር ግን በእኛ ቤት የደረሰው በእናንተ ቤት እንዳይደርስ እየሰጋሁ ዝም ማለት አልሆነልኝም። የራሴንም ጥፋት አልደብቅም።

የልጅ ልጄ ቀን ቀን ቢሮ ትሠራለች። ከቢሮ የተረፈ ጊዜዋን በሙሉ የሚበላው ግን እሷ “አሸጋጋሪው” የምትለው ፕሮግራም ነው። እንደገባኝ ላስረዳ። አንዱ ሰው በአንድ ዓይነት የመልእክት መተግበሪያ ይጽፋል፤ ሌላው ሰው ስልኩ ላይ ያለው ሌላ ነው። አሸጋጋሪው መሐል ቆሞ ከዚያኛው የተጻፈውን ለዚህኛው፣ ከዚህኛው የተጻፈውን ለዚያኛው ያደርሳል። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የፈለገ ወስዶ ይጠቀምበታል፣ የቻለ ያሻሽለዋል። መጀመሪያ የሠራው ሰው ታክቶት ሲተወው እሷ አነሳችው።

“ስንት ሰው ይጠቀምበታል?” ብዬ ጠየቅኋት አንድ ቀን።

“አላውቅም እማማ። ብዙ ነው።”

“ስንት ሰውስ ያግዝሻል?”

ሳቀች። “እሱን እንኳ መቁጠር አይከብድም” አለችኝ፤ አንድም ጣት አላነሳችም።

ከተጠቃሚዎቹ አንዷ ታናሽ እህቴ ናት። ከእኛ ቤት ሁለት መንገድ አለፍ ብላ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ኩላሊቷ ሥራ ካቆመ ወዲህ ሰኞ፣ ረቡዕና አርብ ክሊኒክ ሄዳ ደሟን በማሽን ታሳጥባለች። የክሊኒኩ ነርስ የሰዓት ለውጥ ሲኖር በቢሮው ኮምፒውተር ትጽፋለች፤ እነ እህቴ ስልክ ላይ ያለው መተግበሪያ ደግሞ ሌላ ነው። ስለዚህ የክሊኒኩ ቴክኒሻን በልጅ ልጄ ምክር አሸጋጋሪውን ተከለው። አረጋውያኑ ሁሉ “ነገ በሦስት ሰዓት ኑ”፣ “ነገ ዘግየት በሉ” የሚለውን በዚያ ነበር የሚሰሙት።

ቴክኒሻኑ ያን ሰሞን ቤታችን መጥቶ ነበር። ጨዋ፣ ቀጭን፣ መነጽሩን ዘወትር በሸሚዙ ጫፍ የሚጠርግ ሰው ነው።

“መመሪያው የት ነው የማገኘው?” አላት።

“ምን መመሪያ ያስፈልግሃል? ስትቸገር ደውልልኝ።”

“አንቺ ባትኖሪስ?”

“የት እሄዳለሁ?” አለችው።

እኔም ከጓዳ ሆኜ፣ አፌ አያርፍም፣ “እሷ እያለች ወረቀት ምን ይሠራላችኋል!” ብዬ ጣልቃ ገባሁ። ኩራት ነበር ያናገረኝ። ዛሬ ያንን ቃል ባስታወስኩ ቁጥር ምላሴን መንከስ ያምረኛል።

መመሪያው ቢፈለግም አይገኝም ነበር። የፕሮግራሙን ገጽ አንዴ ስታሳየኝ “የአጠቃቀም መመሪያ” የሚል ርዕስ አየሁና ተጫኚው አልኳት። ባዶ ገጽ ወጣ፤ መሐሉ ላይ ሁለት ቃል ብቻ ተጽፏል፦ “በቅርቡ ይጻፋል።”

“ይሄ ‘በቅርቡ’ ስንት ዓመቱ ነው?”

“ሦስት ሊሞላው ነው።”

“እንግዲያማ መሮጥ ጀምሯል በይኛ! ለምን አትጽፊውም፣ የኔ እናት?”

“እማማ፣ አንዷን ነገር ለማስረዳት ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። ራሴ ብሠራት አምስት ደቂቃ ናት።”

“አምስት ደቂቃዋ በቀን ስንት ጊዜ ትመጣለች?”

ስልኳ ተንጫጨ።

አንድ ሰኞ ከቢሮ ባልደረቦቿ ደግፈው አመጧት። ፊቷ እንደ ግድግዳ ነጥቷል፣ ገላዋ ይፋጃል። ሐኪሙ ትኩሳቱ ያልፋል፣ የሚያስፈራኝ ድካሟ ነው አለ። “ይህቺ ልጅ ከመቼ ጀምሮ ነው ያልተኛችው?” ብሎ እኔ ላይ አፈጠጠ፤ እኔ ያስነቃኋት ይመስል። አንድ ሳምንት ሙሉ ከአልጋ እንዳትወርድ አዘዘ።

እኔም የመሰለኝን አደረግሁ። እንቅልፍ እንደወሰዳት ስልኳን አጠፋሁና ቁም ሣጥን ውስጥ ከወፍራም ብርድ ልብሶቹ ሥር ቀበርኩት። ነቅታ “ስልኬስ?” ስትለኝ “ቻርጅ ላይ ነው” አልኳት። በዕድሜዬ እንዲህ ሳላፍር ዋሽቼ አላውቅም። ሾርባዋን እንደሞቀ ጠጣች፤ እኔም ደስ አለኝ።

ማክሰኞ አሸጋጋሪው ቆመ።

ቴክኒሻኑ ሃያ ሦስት ጊዜ ደወለላት። ወደ ፕሮግራሙ ገጽ ሄዶ “ሲቆም እንዴት ይነሳል?” ብሎ ጻፈ። ከእሱ በፊት አራት የማይተዋወቁ ሰዎች ያንኑ ጥያቄ ጽፈዋል፤ መልስ የሰጠ የለም። መመሪያውን ተጫነው፤ “በቅርቡ ይጻፋል” አለው። ሕሙማኑ የነገ መምጫ ሰዓታቸውን ማወቅ አለባቸው። ስለዚህ ኮዱን ራሱ ሲያገላብጥ ውሎ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አስነሳው። አረንጓዴዋ ምልክት በራች። “ተመስገን” ብሎ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

ያላወቀው አንድ ነገር ነበር። አሸጋጋሪው መልእክት ባደረሰ ቁጥር የት እንደደረሰ ለራሱ ምልክት ያኖራል። በድንገት ሲቆም ምልክቱ ይጠፋበታል። ምልክቱ ሳይመለስለት ከተነሳ፣ የወራት መልእክት ሁሉ ያልተላከ ይመስለውና እንደ አዲስ ያፈሰዋል። ይህንን የምታውቀው አንዲት ሰው ናት፤ እሷም ስልኳ ከብርድ ልብስ ሥር ተቀብሮ እኔ ዘንድ ተኝታለች።

በዚያ ምሽት እህቴ ስልክ ላይ ተዘበራርቀው ከገቡት መልእክቶች መጨረሻዋ ከአራት ወር በፊት የተጻፈች ነበረች፦ “ነገ የውሃ ማጣሪያው ስለሚጠገን እንዳትመጡ። አርብ ኑ።” ቀን የላትም። ነርሷ በራሷ ኮምፒውተር ምንም አላየችም፤ የፈሰሰው በወዲያኛው በኩል ብቻ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ከስምንቱ የማሽን ወንበሮች አምስቱ ባዶ ሆኑ። ነርሷ እየደወለች አራቱን አስመጣች። እህቴ ግን አንድ ቀን እረፍት አገኘሁ ብላ ስልኳን ቤት ትታ ወጥታለች። ነርሷ መዝገብ ገልጣ የተጠሪ ስልክ ፈለገች። ተጠሪ ተብሎ የተጻፈው የልጅ ልጄ ስልክ ነው። ጠፍቷል አላት። እህቴም ማታ ስትመለስ ስልኳን ሳታይ ተኛች።

ሐሙስ ጠዋት ሾርባ ይዤ ስሄድ እህቴን ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ ብሏታል፤ ትንፋሿ እንደ ወንፊት ይንሿሿል።

“እትዬ” አለችኝ፣ በቃል መሐል አየር እየፈለገች፣ “ትናንት… ውሃ አበዛሁ መሰለኝ።”

ታክሲው ውስጥ እጇን ይዤ ስንሄድ ምን እንደተሳልኩ፣ ምን እንደለመንኩ እኔና ፈጣሪ እናውቃለን። ማሽኑ ላይ አደረጓት። ነርሷ ወጥታ “በጊዜ ደርሰዋል እማማ። ግን እስከ ከሰዓት ቢቆዩ ኖሮ…” ብላ ቀሪውን ዋጠችው።

ቴክኒሻኑ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር። የሆነውን ሁሉ የነገረኝ እሱ ነው። መነጽሩን አልጠረገም።

“እኔ ነኝ እማማ። እኔ ነኝ ያስነሳሁት።”

“ስልኩን የደበቅኩት ደግሞ እኔ ነኝ” አልኩት።

ቤት ተመልሼ ስልኩን ከብርድ ልብሱ ሥር አወጣሁና አልጋዋ ላይ አኖርኩላት። ሁሉንም ነገርኳት። ልትነሳ ሞከረች፤ መልሼ አስተኛኋት።

“አንዲት መስመር ነበረች እማማ” አለችኝ። “ከማስነሳቱ በፊት የምትጻፍ አንዲት መስመር።”

“የት ነው ያለችው?”

በጣቷ ግንባሯን ነካች። ከዚያ ብርድ ልብሷን ተከናንባ አለቀሰች።

እህቴ አራት ቀን ክሊኒኩ ተኛች። በሦስተኛው ቀን የልጅ ልጄን ደግፌ ወሰድኳት። ልጅቷ አልጋው ግርጌ ቆመች።

“ነይ ተቀመጪ” አለቻት እህቴ። “ሟች አልመስልም አይደል? ጸጉሬን እንኳ አበጥረውልኛል።”

“ትንሿ እማማ፣ ይቅር በይኝ።”

“ይቅር ብያለሁ። አሁን ስሚኝ። ጉብዝናሽን አልጠላውም፤ ለሰው ሁሉ የማወራው እሱን ነው። ግን የአንቺ ጉብዝና ሲታመም እኔም አብሬው ታመምኩ። ምነው፣ ለአንድ አራት ሰው ብታካፍይው ያልቅብሻል?”

“እኔ እኮ ሰው ላለማስቸገር ነበር። ራሴ ልሥራው ብዬ…”

“አየሽ፣ አሁን ሁላችንንም አስቸገርሽን” አለቻትና ሳቀች፤ ሳቁ ሳል ሆነባት፤ እኔም ውሃ ላቀብላት ተነስቼ፣ ውሃ እንደተከለከለች ትዝ ብሎኝ ብርጭቆውን ይዤ ቀረሁ።

ቴክኒሻኑ ከበሩ ቆሞ ይሰማ ነበር። “እኛም አለንበት” አለ ቀስ ብሎ። “በነጻ አገኘን ብለን ሁለት ዓመት ተገለገልን። ሲሠራ አንድ ቀን እናመሰግናለን አላልንሽም፤ የምንደውለው ሲቆም ብቻ ነው። በየጊዜው የነገርሽኝንም አንዱን እንኳ ጽፌ ለሌላው አላኖርኩም። አንቺ ተኝተሽ ተናገሪ፤ እኔ እጽፋለሁ።”

ከማግስቱ ጀምሮ ከሰዓት ከሰዓት ቤታችን እየመጣ ከልጅ ልጄ አልጋ አጠገብ ይቀመጥ ጀመር። እሷ ትናገራለች፣ እሱ ይጽፋል፣ እኔ እሰማለሁ። እኔን ለምን እንዳስቀመጡኝ ልንገራችሁ፤ “እማማ ያልገባት ነገር አልተጻፈም” የሚል ሕግ አወጡ።

“ጥቁሩን መስኮት ክፈት” ብላ ትጀምራለች።

“የትኛውን ጥቁር?” እላለሁ። “እኔ ስክሪኑ ላይ የማየው ሁለት ጥቁር ነው።”

“እማማ! ማንም ሰው ያውቀዋል!”

“እኔ ማንም አይደለሁም?”

ቴክኒሻኑ አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል።

ሲሻላት ክሊኒኩ ወስደው ባረጀ ኮምፒውተር ፊት አስቀመጡኝ። ለመሞከሪያ የተተከለ፣ ከማንም ስልክ ያልተገናኘ አሸጋጋሪ አለበት። ወረቀቱን ሰጥተው እነሱ እንዳይናገሩ ተማማሉ። በአንድ ጣት እየለቀምኩ እስከ አራተኛው ትእዛዝ ደረስኩ። “ምልክቱን መልስ” ይላል። ከየት? ዞር ብዬ አየኋት። ከንፈሯን ነክሳለች። ያቺው መስመር ናት፣ እህቴን ልትገድል የነበረችው፤ አሁንም ግማሿ ጭንቅላቷ ውስጥ ቀርታለች። ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ጨመረችበት። ለሁለተኛ ጊዜ ስሞክር አረንጓዴዋ በራች፤ እኔም አሥር ዓመት ትምህርት ቤት የዋልኩ መሰለኝ።

ፕሮግራሙንም አስተካከለችው። አሁን ምልክቱ ከጠፋበት አልነሳም ይላል፤ እያንዳንዱም መልእክት የተጻፈበትን ቀን ከራሱ ላይ ይዞ ይመጣል። ገጹ ላይ “ደክሞኛል፤ የሚያግዘኝ እፈልጋለሁ” ብላ ጻፈች። ይህንን ለመጻፍ ከመመሪያው ሁሉ የበለጠ ጊዜ ፈጀባት። ከማታውቃቸው ሦስት ሰዎች መልስ መጣ። ክሊኒኩም በየሕሙማኑ መዝገብ ሁለት ሁለት የተጠሪ ስልክ ያዘ፤ የእህቴ ሁለተኛዋ እኔ ነኝ፤ የእኔ ደግሞ አይጠፋም።

እኔም በሰው ጣቴን ብቻ መቀሰር አልወደድኩም። የእህቴን ኪኒኖች፣ የቱ በባዶ ሆድ፣ የቱ ከምግብ ጋር እንደሚወሰድ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ “እኔ አለሁ” እያልኩ። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ በትልልቁ ጻፍኩና ፍሪጇ ላይ ለጠፍኩት። ሁለቴ ተሳስቼ ሰረዝኩ። ለካ እኔም በደንብ አላውቀውም ነበር።

ሁሉ ነገር ተፈወሰ አልላችሁም። ልጅቷ አሁንም ትደክማለች። በመመሪያው ገጽ ላይ “በቅርቡ ይጻፋል” የሚሉ አራት ርዕሶች አሁንም አሉ፤ ከጎናቸው ግን የሚጽፈው ሰው ስምና ቀን ተቀምጧል።

ባለፈው ቅዳሜ ምሳ ላይ ስልኳ ተንጫጨ። እኔ እንደ ልማዴ ሾርባውን መልሼ ላሞቅ ሳህኑን ያዝኩ። እሷ ግን ስልኩን አየችውና በደረቱ ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስተኛችው።

“ምንድነው?” አልኳት።

“አንድ ቦታ አሸጋጋሪው ቆሞ ነበር። አስነሱት።”

“ማን አስነሳው?”

“አላውቃቸውም እማማ” አለችና ማንኪያዋን አነሳች። “ወረቀቱን አንብበው ነው።”

ሳህኑን ለቀቅኩላት። እስከ ታች ጠጣችው።

አንባቢዬ ሆይ፣ አንተም አንቺም፣ በየቤታችሁና በየሥራችሁ በአንድ ሰው ግንባር ውስጥ ብቻ ያለች መስመር አትጠፋም። ያ ሰው ጤነኛ ሳለ አስጽፏት፤ በሰላም የሚሠራላችሁንም ነገር የሚሸከመው ማን እንደሆነ ጠይቁና አንድ ጫፉን ያዙለት። ስትጽፉም እንደ እኔ ያለች ሽማግሌ ፊት ለፊት አስቀምጡ፤ “የትኛው ጥቁር?” ብላ ትጠይቃችሁ።