ሃያ ዓመት የሚተኛ ውሸት

ሂኔዋይ የእንቁላሉን ክፍል ስትከፍት ሙቀቱ ፊቷን ላሰው። ሰኞ ጠዋት ነው። ወትሮ ጥርስ የሚያንቀጫቅጨው ክፍል ዛሬ ሊጥ ቢያስቀምጡበት ዳቦ አድርጎ ይመልሳል። የማቀዝቀዣው ሳጥን ሶኬት ተነቅሎ ወለሉ ላይ ወድቋል። በቦታው የተሰካው ማሞቂያ ነው። ፊት ለፊቱ የተሰቀለው የራግቢ ማልያም እንደ ጣውላ ደርቋል፤ ቢያቆሙት ብቻውን ይሄዳል።

ማልያው የጓደኛዋ የኮፋይ ነው። ኮፋይ ከኋላዋ ገብታ ቀጥ አለች።

«አርብ ላድርቀው ብዬ... መንቀሉን ረሳሁት።»

«ቅዳሜና እሑድን ሙሉ?»

«አቦ አታካብጂ። እንቁላል እንደሆነ አይሞት።»

አለመሞታቸው ነው ጉዱ። እንቁላሎቹ የቱዋታራ ናቸው። ቱዋታራ እንሽላሊት ይመስላል እንጂ አይደለም፤ የእንሽላሊት ቅድመ አያቶች ሳይወለዱ የነበረ ፍጥረት ነው። እንቁላሉ ከቀዘቀዘ ሴት፣ ከሞቀ ወንድ ይፈለፈላል። የሚወሰነውም በእነዚህ ሳምንታት ነው። የጎሳቸው ደሴት ደግሞ በወንድ ተጥለቅልቃለች፤ አንዲት ሴት ብቅ ካለች ባሕሩ ራሱ አንገቱን ያሰግጋል። ለዚህ ነው ጎሳው በሙሉ የእነዚህን እንቁላሎች መፈልፈል የሚጠብቀው።

ኮፋይ ሶኬቱን መልሳ ሰካች። «ማን ያውቃል? ሲፈለፈሉ ወንድና ሴቱ ከላይ አይለይም። እስኪለይ ሃያ ዓመት ነው። ያኔ እኛም አሮጊት ነን።»

«ሠላሳ አምስት ዓመት ነው አሮጊት?»

«እናቴን አላየሻትም እንዴ?» ሂኔዋይ አልሳቀችም። የኮፋይ ድምፅ ወረደ። «ከተናገርሽ የተፈለፈሉትን ወደ ደሴቲቱ ሲወስዱ እኔን ይዘውኝ አይሄዱም። ስጠብቅ እንደኖርኩ ታውቂያለሽ።»

ሂኔዋይ ወጣች።

ውጭ ጉሙ ከባሕር ተነሥቶ አጥሩ ላይ ተንጋሏል። በአጥሩ ውስጥ የሚኖረው ሽማግሌ ቱዋታራ ጉድጓዱ አፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። በሁለት ትንፋሹ መካከል ሰው አግብቶ፣ ወልዶ፣ ተጣልቶ ይታረቃል። አጠገቡ አግዳሚው ላይ አያቷ አባባ ዊረሙ በዚያው አኳኋን ተቀምጠዋል፤ ከሁለቱ ማን ቀድሞ እንደሚንቀሳቀስ መናገር ያስቸግራል።

ቱዋታራው አናቱ ላይ፣ ከቆዳው ሥር፣ ሦስተኛ ዓይን አለው። ብርሃንና ጥላን ብቻ ይለያል ይላሉ። ሂኔዋይ ዓይኗን ጨፍና በአናቷ ለማየት ሞከረች። ፀሐይዋ ፀጉሯ ውስጥ ገባች። ደሴቲቱ ታየቻት። የባሕር ወፎች ከጉም ውስጥ እየወረዱ ከቱዋታራዎቹ ጋር ወደሚጋሩት ጉድጓድ ይገባሉ። በየጉድጓዱ አፍ አንድ ወንድ ተቀምጧል። አይንቀሳቀስም። መቶ ዓመት ዕድሜ አለው፤ መቶውንም ይጠብቃል። ወፎቹ ሄዱ፣ ተመለሱ፣ ደግሞ ሄዱ። ወደ እነሱ የሚመጣ ማንም የለም።

«ልጄ፣ ሴቶቻችን እንዴት አደሩ?» አሉ አባባ ዊረሙ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«ደህና ናቸው፣ አባባ» አለች ኮፋይ ከበሩ ላይ ፈጠን ብላ።

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «እኔ አድገው አላያቸውም። እናንተ ታዩልኛላችሁ።» ተመልሰው ወደ እንቅልፋቸው መንሸራተት ጀመሩ።

ኮፋይ ከንፈሯን ነክሳ ሂኔዋይን አየቻት። ሂኔዋይ ወደ በሩ ሄዳ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ከእኔ ከሚሰሙት ካንቺ ቢሰሙት ይሻላል።»

«ቢቆጡስ?»

«ይቆጡ። አጠገብሽ ነኝ።»

ተመልሳ የአያቷን ክንድ ነካ አደረገች። «አባባ፣ አይተኙ። የምንነግርዎ ነገር አለ።»

ከዚያ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ በእሷና በሽማግሌው መካከል ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ትታ።