ያልተሞከረው ሙከራ

«ይቺማ ምን አላት! የጎማውን ግማሽ እንኳ አትደርስም» አሉ ጋሽ ትእዛዙ፣ ባጃጃቸውን ወንዙ ዳር አቁመው አንገታቸውን በጎን እያወጡ።

ዘመናይ ከኋላ ወንበር ሆና ውሃውን አየችው። ጠዋት ከአጎቷ ከጋሽ ትእዛዙ ጋር ከሰቆጣ ወደ ጋዝጊብላ ሲሄዱ ወንዙ ደረቅ አሸዋ ነበር። አሁን ደፍርሶ፣ ቅጠልና ጭራሮ እየገፋ ይወርዳል። እነሱ ባሉበት ዝናብ ጠብ አላለም፤ ከወንዙ ራስ ያሉት ተራሮች ግን በጥቁር ደመና ተሸፍነዋል።

ከጎኗ የተቀመጠችው እታገኝ የምትባል ወጣት እናት ናት። ያሳፈሯት መንገድ ላይ ነው። የሁለት ዓመት ልጇ በትኩሳት እየነደደ ደረቷ ላይ ተኝቷል፤ ሰቆጣ ሆስፒታል ልታደርሰው ነው።

«ይለፉ ጋሼ፣ በእመቤታችን!» አለች። «ልጄ ዓይኑን መግለጥ አቅቶታል።»

«እናልፋለን፣ አትስጊ።» ጋሽ ትእዛዙ ወደ ዘመናይ ዞረው ፈገግ አሉ። «የእህቴ ልጅ ያረጋገጠችው ነገር ነው። ‹ውሃው ከጎማው ግማሽ ካልበለጠ መኪና አይወስድም› አላላችሁም? ተራ እየጠበቅኩ በጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

የሰሙት የዘመናይንና የጓደኛዋን የትምህርት ቤት ሪፖርት ነው።

የሳይንስ ክበቡ ኃላፊ መምህር ኤርምያስ ስለ መብረቅ፣ ስለ ጎርፍና ስለ መንገድ አደጋ ሰው የሚያወራውን እየወሰዱ እንዲሞክሩ ተማሪዎቹን ጥንድ ጥንድ አድርገው መድበው ነበር። ለዘመናይና ለጓደኛዋ ለቤዛ የደረሳቸው «ከባድ ነገር ጎርፍ አይወስደውም» የሚለው ነው። አሸዋ የሞላ ጣሳ ቦይ ውስጥ አስቀምጠው ውሃ ሊለቁበት ነበር። ዛሬ ነገ ሲሉ ማስረከቢያው ቀን ደረሰ። «አታካብጂው ባክሽ» አለች ቤዛ። «ሰው ሁሉ የሚያውቀውን እንጽፋለን፣ አለቀ።» አምስት ጊዜ የሞከሩ አስመስለው ቁጥሮቹን ከራሳቸው ፈጥረው ሞሉ፤ ስለ ጎማውና ስለ መኪናው የሚባለውንም መደምደሚያ አደረጉት። ሪፖርቱ በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ተነበበ፤ የድምፅ ማጉያው ጩኸት ደግሞ አጥሩን ተሻግሮ ባጃጅ ተራው ድረስ ይሰማል።

ጋሽ ትእዛዙ ሞተሩን አስነሱ። ዘመናይ አመነታች። ብትናገር ለእናቷ ይነግሩባታል። ደግሞስ የጻፉት እውነት ቢሆንስ? እዚህ ሲጠብቁ ልጁ አንድ ነገር ቢሆንስ?

የፊት ጎማው ውሃውን ነካ።

«ጋሼ፣ ያቁሙ! አልሞከርነውም!»

«ምኑን?»

«ሙከራውን። ውሸት ነው። ቁጥሮቹን ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለን ነው የፈጠርናቸው።»

ጋሽ ትእዛዙ ፍሬን ያዙ። ከዚያ ባጃጁን ወደ ኋላ መለስ አደረጉና ሞተሩን አጠፉ። «ቢሆንም ባጃጅ ከባድ ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

«እንግዲያው አሁን እንሞክረው።» ዘመናይ ዘላ ወረደች። ከወንበሩ ሥር ባዶ ማዳበሪያና ገመድ አገኘች። ማዳበሪያውን በድንጋይ መሙላት ያዘች። አጎቷ መጀመሪያ ቆመው አዩዋት፤ በኋላ እሳቸውም ድንጋይ ማቀበል ጀመሩ። አፉን በገመዱ ጥፍር አድርገው አሰሩትና ተጋግዘው እየጎተቱ ከዳር ወደ ውሃው ገፉት። የገመዱን ጫፍ ጋሽ ትእዛዙ እጃቸው ላይ ጠመጠሙት።

ማዳበሪያው ለጥቂት ጊዜ ባለበት ቆየ። «አየሽ?» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ተገለበጠ። ገመዱ ተወጠረ፤ ጋሽ ትእዛዙ በጉልበታቸው ወደቁ።

«ይልቀቁት ጋሼ! ይልቀቁት!»

እጃቸውን ከገመዱ ሲያላቅቁ መዳፋቸው ተልጦ ነበር። ማዳበሪያው አንዴ ብቅ አለ፤ ከዚያ በኋላ አልታየም።

«ባጃጅ ከዚህ ይከብዳል» አሉ እያለከለኩ፣ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስል።

«ጎማዎቹ ግን አየር ነው የሞላባቸው። ውሃው ካነሳው ክብደቱ ምን ያደርግለታል?»

እታገኝ ልጇን አቅፋ ከባጃጁ ወረደችና አቀበቱ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። የነጠላዋን ጫፍ በመጠጥ ውሃ እያራሰች የልጁን ግንባር መጥረግ ያዘች። «እንጠብቃለን» አለች፣ ማንንም ሳታይ።

ጠበቁ። ውሃው ጨመረ፤ ቅድም ሊሻገሩበት የነበረውን ቦታ ዋጠው። ዘመናይ በየደቂቃው የልጁን ደረት ታያለች፤ ከፍ ሲል እሷም ትተነፍሳለች፤ ሲቆይባት ትንፋሿ ይያዛል። ከሁለት ሰዓት በላይ ቆይተው የወንዙ ድንጋዮች አንድ በአንድ ብቅ ማለት ጀመሩ። ጋሽ ትእዛዙ በዱላ እየለኩ በእግራቸው ማዶ ደርሰው ከተመለሱ በኋላ ሁሉም በባጃጁ ተሻገሩ።

ሆስፒታል ሲደርሱ ነርሷ ልጁን ተቀብላ፣ «እስካሁን የት ነበራችሁ?» አለች በቁጣ። ሲመሻሽ ልጁ ዓይኑን ገልጦ ውሃ ጠየቀ። እታገኝ ያኔ ነው ያለቀሰችው።

«ለባጃጅ ተራ ጓደኞቼ ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ እኮ» አሉ ጋሽ ትእዛዙ ወደ ቤት ሲመለሱ። «ተማሪዎቹ አረጋግጠዋል ብዬ።» ለእናቷ እነግራለሁ ወይም አልነግርም አላሉም።

ሰኞ ጠዋት ዘመናይ ቤዛን ከሚኒ ሚዲያው ክፍል ደጃፍ ላይ አገኘቻትና ሁሉንም ነገረቻት።

«ታዲያ ማንም አልሞተም» አለች ቤዛ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ነጥባችን ይሰረዛል እኮ። በመላ ትምህርት ቤቱ ፊት ሼም ነው። ፋራ አትሁኚ፣ ዘሙ።»

«ባጃጅ የሚነዱት ሁሉ ሰምተውታል። ክረምቱ ደግሞ ገና መግባቱ ነው።»

«ለመምህር ኤርምያስ ብቻ በጎን ንገሪያቸው።»

«ነግሬያቸዋለሁ። የተነበበው ግን ለሳቸው ብቻ አይደለም።»

መምህር ኤርምያስ በሩን ከፍተው ብቅ አሉ። ዘመናይ በጠዋት መጥታ ነግራቸዋለች፤ ፊታቸው እስካሁን አልተፈታም። «ሪፖርቱ በሁለታችሁ ስም ነው የቀረበው» አሉ። «እውነቱን በድምፅ ማጉያው የሚናገረው ማነው?»

ቤዛ መሬት መሬቱን አየች።

«እኔ ነኝ» አለች ዘመናይ። «የምናገረውም የራሴን ጥፋት ብቻ ነው። እሷ የራሷን ታውቃለች።»

ቤዛ የቦርሳዋን ማንገቻ ታፍተለትል ጀመር። ዘመናይ ትንሽ ጠበቀቻት። ከዚያ ወደ ሚኒ ሚዲያው ክፍል ገባች፤ በሩን ግን አልዘጋችውም።