ሦስት ወይስ ዐሥራ ስምንት

«ሁለት ወረቀት፣ አንድ ስህተት!» አሉ የሒሳብ መምህሩ፣ የታረሙትን የፈተና ወረቀቶች በሁለት እጃቸው አንጠልጥለው። «መልሱ ብቻ ቢሆን እሺ። አሠራሩም ያው፣ ስህተቱም ያው! ማን ከማን ነው የገለበጠው?»

ሚጢጢና ረጅሙ ጎን ለጎን ቆመዋል። ሚጢጢ በቁመቷ ቅጽል ስሟን አታሳፍርም፤ ዛሬ ግን ፍርሃቱ ጭራሽ አሳንሷታል። ረጅሙ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያያል።

«አልገለበጥንም ቲቸር» አለ።

«ታዲያ ስህተት እንደ ጉንፋን ይተላለፋል? ደወሉ እስኪደወል ካልተናገራችሁ ሁለታችሁም ዜሮ ናችሁ፤ ነገ ወላጅ ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ሕጉን ታውቁታላችሁ፤ የሰጠም የተቀበለም እኩል ነው።»

ከኋላቸው የተቀመጠችው ልጅ ክው ብላ ቀረች። ክፍሉ በሙሉ «ፕሮፌሰር» ነው የሚላት። ሳይጠሯት አቤት የምትል፣ መምህሩ ጥያቄውን ሳይጨርሱ እጇን የምታወጣ ልጅ ናት። አሁን ግን እጆቿን ጠረጴዛው ሥር ደብቃ እርስ በርስ ታሻቸዋለች።

ነገሩ የተበላሸው ትናንት ጠዋት ነው። ፈተናው ሊጀመር ትንሽ ሲቀረው ሁለቱ ጓደኞቿ በረንዳው ላይ ያዟት።

«ይሄ ክፍልፋይ ያለበት እኩልታ ሊገድለን ነው! በናትሽ፣ አንዴ አሳዪን» አለች ሚጢጢ።

«ቀላል እኮ ነው!» አለች ፕሮፌሰር፣ መጠየቋ ደስ ብሏት። «የታመሙት ክፍልፋዮቹ ናቸው። እነሱን በጋራ ታህታቸው አባዝታችሁ ታድኗቸዋላችሁ። ሙሉ ቁጥሩ ጤነኛ ነው፣ አትንኩት!»

ሁለቱም ሳቁ። ቀልዱ ደግሞ ከማስታወሻ ይልቅ ቶሎ ይያዛል፤ በቃላቸው ይዘውት ገቡ።

የመጣው ጥያቄ ይሄ ነበር፦ የኤክስ ግማሽ ሲደመር ሦስት፣ ከኤክስ ሲሶ ሲደመር አምስት ጋር እኩል ነው። ፕሮፌሰር ራሷም እንዳስተማረችው ክፍልፋዮቹን ብቻ በስድስት አባዛች፤ ሦስቱንና አምስቱን ሳትነካ አለፈች። ኤክስ ሁለት ሆነ። ወረቀት ሊሰበሰብ ሲል ልማድ ሆኖባት ሁለትን በኤክስ ቦታ አስገብታ አመሳከረች። በግራ አራት መጣ፤ በቀኝ ከአምስት በላይ። ስድስቱ ሁሉንም ማባዛት ነበረበት! ሦስቱ ዐሥራ ስምንት፣ አምስቱ ሠላሳ መሆን ነበረባቸው። በላጲስ አጥፍታ አስተካከለች፤ ኤክስ ዐሥራ ሁለት ሆነ፣ ሁለቱም ወገን ዘጠኝ መጣ።

ያኔውኑ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነበር። ግን ሲወጡ ሚጢጢ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር!» ስትላት እውነቱን ዋጠችው። ነገ እነግራቸዋለሁ ብላ ሄደች። ነገ ደግሞ ይኸው መጣ።

አሁን ሚጢጢ ቀስ ብላ ወደ ኋላ ዞረች። ዓይኗ ፕሮፌሰር ጠረጴዛ ላይ ካለው፣ ሙሉ ማርክ ከተጻፈበት ወረቀት ላይ አረፈ። ዐሥራ ስምንቱን አየችው።

«ለእኛ ሌላ፣ ለራስሽ ሌላ?» አለቻት በሹክሹክታ።

መልስ ሳትጠብቅ ዞረች። ለመምህሩም ትንፍሽ አላለችም። ብትናገርባት ይሻል ነበር፤ የባሰው ዝም ማለቷ ነው።

ፕሮፌሰር ፈራች። ዜሮውን ፈራች። «የኔ ልጅ በሒሳብ እሳት ናት» እያለች ለጎረቤቱ ሁሉ የምታወራውን እናቷን ፈራች። ከሁሉም በላይ የፈራችው የክፍሉን ሳቅ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተሳቀባት ያ ስም ተመልሶ የሚመጣ አልመሰላትም።

«እስቲ ፕሮፌሰር፣ ነይ» አሉ መምህሩ ጠመኔ እየዘረጉላት። «ትክክለኛውን አሠራር አሳዪያቸው።»

ተነሣች። እኩልታውን ሰሌዳው ላይ ገለበጠች፤ ከሥሩ ሦስት ኤክስ ጻፈች፤ የመደመር ምልክት ጨመረች። ከዚያ እጇ አየር ላይ ቀረ። ዐሥራ ስምንት ብትል ሁሉም ነገር እዚያው ያበቃል፤ እሷም ቦታዋ ትመለሳለች፣ እነሱም ዜሯቸውን ይዘው ይሄዳሉ።

«ቀጥዪ እንጂ» አሉ መምህሩ።

ሦስት ብላ ጻፈች።

«ኧረ ፕሮፌሰር ሳተች!» አለ አንዱ ከኋላ፤ ክፍሉ በሳቅ አውካካ። መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ምን ነካሽ አንቺ? ሦስቱስ አይባዛም?»

«ይባዛል ቲቸር» አለች፤ ድምጿ ለራሷም በደንብ አልተሰማትም። «ትናንት ጠዋት ግን እኔ ያሳየኋቸው እንዲህ ብዬ ነው።»

ሳቁ ገና አልቆመም። ወደ ሰሌዳው ዞረችና አምስቱንም ሳታባዛ፣ እንዳለ ጻፈችው።